«ሞት» በሁለት ሳምንት ሦስት ጊዜ ወጣብኝ

የደረሰኝ ጥያቄ አጠር ተደርጎ ይኸው፦

«ጋሼ፣ 27 ዓመቴ ነው። ደብረ ብርሃን በሒሳብ ሥራ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ውጭ ያለች የአክስቴ ልጅ የታሮት ካርታ፣ ያ ሥዕል ያለበትንና ዕድል ይነበብበታል የሚባለውን፣ ላከችልኝ። ለሰው አልጥልም። ለራሴ ብቻ ማታ ማታ ሦስት ሦስት እያወጣሁ፣ አብሮት ከመጣው ትንሽ መጽሐፍ ትርጉሙን አነባለሁ። አሁን አዲስ አበባ የመዛወር ዕድል መጥቶልኛል። እናቴ ግን ብቻዋን ናት። ይህን ይዤ ስጠይቅ ‹ሞት› የሚባለው ካርታ በ14 ሌሊት ሦስት ጊዜ ወጣ። እናቴ ካርታውን አየችና ‹ጥንቆላ ቤቴ አስገባሽ› ብላ አኮረፈችኝ። እኔ ራሴን ለማየት ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ አሁን ግን ፈራሁ። ራሴን እያታለልኩ ነው? ልተወው? ከቀጠልኩስ እንዴት ላድርገው?»

እህቴ፣ ከፍርሃቱ እንጀምር። እሱ ካልበረደ ሌላው ምክር ጆሮ አያገኝም።

አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ፤ ካልኩሌተርሽን ያዢ። ጥቅሉ ውስጥ 78 ካርታ አለ። በሌሊት ሦስት ስታወጪ፣ «ሞት» ከሦስቱ አንዱ የመሆን ዕድሉ ከ26 አንድ ነው። በ14 ሌሊት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የመውጣቱ ዕድል ደግሞ ከመቶ 1.5 ገደማ ይሆናል። ትንሽ ነው። ያስደነገጠሽም ይኸው ነው። ግን ከመጀመሪያው ሌሊት «ሞት ስንት ጊዜ ይወጣ ይሆን?» ብለሽ አልጠበቅሽም። 78ቱም ካርታዎች እኩል ዕድል ነበራቸው። ከእነሱ አንዱ፣ የትኛውም ይሁን፣ ሦስት ጊዜ የመውጣቱ ዕድል ሲሰላ ከግማሽ ይበልጣል። ያ የሆነ ካርታ ሦስት ጊዜ መመላለሱ የሚጠበቅ ነገር ነበር ማለት ነው። «አራት ሳንቲም» የሚባለው ካርታ ሦስት ጊዜ ቢወጣ ኖሮ ትጽፊልኝ ነበር? ልብም አትይውም።

ይህ ሁሉ ታዲያ ካርታው በደንብ ተበውዞ ከሆነ ነው። እኔ እዚህ ላይ ጥርጣሬ አለኝ። የታሮት ካርታ ከምናውቀው መጫወቻ ካርታ ይተልቃል፣ በቁጥርም ይበልጣል። ለሴት እጅ ቀርቶ ለእኔም መዳፍ አይመችም። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ከላይ ቀንጨብ ቀንጨብ እያደረገ ወደ ታች ይልከዋል፣ በቃ በወዝኩ ይላል። በዚህ ዓይነት የትናንቱ ቅደም ተከተል እምብዛም አይፈርስም። ዴቭ ቤየርና ፐርሲ ዳያኮኒስ የሚባሉ የሒሳብ ሊቃውንት በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ 52ቱ መጫወቻ ካርታ ሁለት ቦታ ተከፍሎ እየተጠላለፈ ሲበወዝ እንኳ ሰባት ጊዜ ያህል እንደሚያስፈልገው አሳይተዋል። ያንቺ ደግሞ 78 ነው። ትናንት ማታ የወጣውን «ሞት» አናቱ ላይ መልሰሽ፣ ሁለት ሦስቴ ቀንጠብ አድርገሽ፣ ዛሬ ከአናቱ ካወጣሽ እሱው ቢመለስ ምን ይገርማል? መፍትሔው ቀላል ነው። ባና ላይ ሁሉንም በጀርባው ዘርጊውና፣ ብቅል እንደሚያገላብጥ ሰው በሁለት እጅሽ ደህና አድርገሽ አዟዙሪው። አንድ ደቂቃ ይበቃል።

ፍርሃቱ ትንሽ ከላላ ወደ ዋናው እንሂድ።

እናትሽ ጥንቆላ ያሉት ዕቃ አጀማመሩ መጫወቻ ነው። እስካሁን ከተገኙት ጽሑፎች ቀደም ብሎ የሚያነሳው በ1440 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ፍሎረንስ ላይ የተጻፈ ማስታወሻ ነው። በሰሜን ጣልያን መኳንንት በወርቅ ቅብ አስጊጠው እያሠሩ ይጫወቱበት ነበር። ፈረንሳዮች ዛሬም በ78ቱ ካርታ ይጫወታሉ፤ እኛ ካርታ ይዘን እንደምንሟገተው ማለት ነው። በነገራችን ላይ ከኢየሩሳሌም የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በ1441 ለጉባኤ ፍሎረንስ ገብተው ነበር። ካርታውን አዩት አላዩትም የሚል ጽሑፍ አላገኘሁም፤ ብቻ ያን ሳስብ ፈገግ እላለሁ። ካርታው ለጥንቆላ የተፈለገው በኋላ ነው። ኩር ደ ዤብለን የሚባል ፈረንሳዊ በ1781 ተነስቶ «ይህ የጥንት ግብፆች የጥበብ መጽሐፍ ነው» ብሎ ጻፈ። የግብፅን ጥንታዊ ጽሕፈት በዓለም ላይ ማንበብ የቻለ ሰው ገና አልነበረም፤ የተፈታው በ1822 ነው። እንግዲህ ሰውዬው ከምን አንብቦ እንደጻፈው ገምቺ።

ላንቺ የሚጠቅምሽ ግን የ1909 ታሪክ ነው። ለንደን ውስጥ አርተር ኤድዋርድ ዌይት የሚባል ጸሐፊ፣ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ከምትባል ሠዓሊ ጋር ሆኖ አዲስ ጥቅል አወጣ። ከዚያ በፊት በነበሩት በአብዛኞቹ «ስድስት ዋንጫ» ማለት ስድስት ዋንጫ የተሣለበት ካርታ ብቻ ነበር። እሷ ግን ትናንሽ ከሚባሉት 56 ካርታዎች አብዛኞቹን በሰው ሞላቻቸው። የሚሄድ፣ የሚያለቅስ፣ የሚሸከም፣ የሚጠብቅ። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው አብዛኛው የእሷን ፈለግ የተከተለ ነው፤ ያንቺም ሳይሆን አይቀርም። የነገሩ ሁሉ ጉልበት ያለው እዚያ ነው፤ ሥዕሉ ላይ። ሥዕሉ ፊት ተቀምጦ ዝም ማለት ይከብዳል። ሰው አንድ ነገር ይላል፤ የሚለው ደግሞ የራሱን ነው።

የምንኖርበት ከተማ ስምም እንዲሁ ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ እዚህ ሳሉ በሰማይ ብርሃን ታየ። ንጉሡ ከሃይማኖት ወጥተዋል ያሏቸውን ሰዎች በቅርቡ አስቀጥተው ነበርና፣ ብርሃኑን አምላክ ሥራዬን እንደወደደ ምልክት ነው ብለው ተረጎሙት። ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ቦታውም ደብረ ብርሃን ተባለ። የታሪክ ሰዎች በ1456 የታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ያ ኮከብ አውሮፓ ላይም ታይቷል። እዚያ የቱርክ ጦር ወደ ቤልግሬድ እየገሰገሰ ስለነበር፣ የመከራ ምልክት አደረጉት። ኮከቡ አንድ ነው። እያንዳንዱ ያነበበው ግን የራሱን ጭንቀት ነው።

አሁን «ሞት»ን አውጪና ፊትሽ አድርጊው። አትፍሪ፣ ወረቀት ነው።

ጥቁር የብረት ልብስ የለበሰ አጽም ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጧል። ጥቁር ባንዲራ ይዟል፤ ባንዲራው ላይ ነጭ ጽጌረዳ አለ። ንጉሥ ወድቋል። ቢጫ የለበሰ ጳጳስ እጆቹን አገናኝቶ ቆሟል። አንዲት ወጣት ተንበርክካ ፊቷን አዙራለች። አጠገቧ ያለው ሕፃን ግን ፈረሱን ቀና ብሎ ያየዋል። ከኋላ ወንዝ፣ ወንዙ ላይ ጀልባ፣ ከሩቅ ደግሞ በሁለት ግንቦች መሐል ፀሐይ።

መጽሐፍሽ «ሞት ማለት ለውጥ ነው፣ የአሮጌው ማብቂያ ነው» ይልሻል። ጥሩ ነው፤ ያጽናናል። ግን የእንግሊዝ ሰው ትርጉም ነው። አንቺ ነጭ ፈረስ ስታዪ መጀመሪያ ማን ትዝ ይልሻል? ጊዮርጊስ ነው እንጂ! ከልጅነትሽ ጀምሮ በየቤተ ክርስቲያኑ ያየሽው ነጭ ፈረስ የሚያድን ነው። ያንቺ ዓይን ካርታውን የሚያይበት መንገድ ለንደን ከተቀመጠው ሰው ይለያል፤ ልዩነቱ ደግሞ ወርቅ ነው። አታባክኚው።

ፀሐይዋንስ? እየወጣች ነው ወይስ እየገባች? ደጋግመሽ እዪው። ሥዕሉ አይናገርም። ከጣርማበር ላይ ቆሞ ጎህ ሲቀድ ያየ ሰው እየወጣች ነው ይልሻል። በዚያው ሰሞን ሐዘን የገባበት ሰው ያለ ምንም ጥርጥር ጠለቀች ይላል። ከአራቱ ሰዎችስ ዓይንሽ መጀመሪያ ያረፈው ማን ላይ ነው? ፊቷን ያዞረችው ልጅ ላይ ከሆነ፣ ያን ሌሊት ልታዪው ያልፈለግሽው ነገር ምን ነበር? ይኸው ነው ሥራው። ካርታው ስለ ዝውውርሽ ምንም አያውቅም። አንቺ ግን ብዙ ታውቂያለሽ፤ ያላወጣሽውም አለ።

ከማማከር ሥራዬ አንድ ታሪክ ላጫውትሽ፤ ባለታሪኳ ፈቅዳልኛለች። አልፎ አልፎ ወሬ አልጀምር ላለኝ ሰው «ዐሥር በትር» የሚባለውን ካርታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ። አንድ ሰው ዐሥር እንጨት አቅፎ ጎብጦ ይሄዳል፤ ፊቱ እንጨቱ ውስጥ ተቀብሯል፤ ከፊቱ ራቅ ብሎ ቤት ይታያል። የኮሌጅ ተማሪ ካየው «ደርሷል በቃ፣ ትንሽ ነው የቀረው» ይላል። አንድ ጡረተኛ «ማን አስገደደው? አስቀምጦ አያርፍም?» ብለውኛል። የአንኮበር አካባቢ ልጅ የሆነች እናት ግን አይታው ሳቀች። «ይሄ እንጨት ተሸክሞ አያውቅም እንዴ?» አለች። «እንጨት ይታሰራል፣ በጀርባ ነው የሚታዘለው። እንዲህ ታቅፎማ መንገዱን በምን ያየዋል?» ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ፤ «የሚያስርለት ሰው አጥቶ ነው» አለች። ያን ቀን ያወራነው ከዚያች ዓረፍተ ነገር ተነስተን ነው። በየትኛውም የታሮት መጽሐፍ ላይ እንዲህ የሚል ትርጉም አታገኚም።

ለዚህ ነው መጽሐፉን ቶሎ አትግለጪ የምልሽ። መጽሐፉ የሚጠቅም ነገር ስለሌለው አይደለም፤ ቀድሞ ስለሚናገር ነው። አውደ ነገሥት እንዴት እንደሚሠራ ሰምተሽ ይሆናል። ስምሽንና የእናትሽን ስም ፊደል ቆጥሮ፣ ደምሮና ገድፎ «አንቺ እንዲህ ነሽ» ይልሻል። አንቺ ዝም ብለሽ ትቀበያለሽ። የካርታውን መጽሐፍ ቀድመሽ ከገለጥሽ አውደ ነገሥት ገለጥሽ ማለት ነው፤ የተለየው ወረቀቱ ብቻ ነው። ደግሞም የሰው ልጅ ስለ ራሱ የተነገረውን ሲሰማ እሺ ማለት ይወዳል። በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር በ1948 ለ39 ተማሪዎቹ ፈተና ሰጠና «የእያንዳንዳችሁ የባሕርይ ትንታኔ ይኸውላችሁ» ብሎ አደላቸው። ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 ነጥብ ስጡ ሲላቸው በአማካይ ከ4 በላይ ሰጡ። ለካ ሁሉም የያዙት አንድ ዓይነት ወረቀት ነበር! ዐረፍተ ነገሮቹንም በአብዛኛው የለቀማቸው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። «አንዳንዴ ከሰው ጋር ትጫወቻለሽ፣ አንዳንዴ ደግሞ ብቻሽን መሆን ትወጃለሽ» ቢልሽ ማን አይደለሁም ይላል? ራስሽን ታታልያለሽ ወይ ላልሽኝ መልሱ እዚህ ጋ ነው። መጽሐፉ «ልክ ነው» ሲያሰኝሽ ተጠንቀቂ። ያልጠበቅሽው ነገር ከራስሽ አፍ ሲወጣ ግን አዳምጪ።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገርሽ።

ከዓመታት በፊት ከአማቼ ጋር አባዱላ በጋራ ለመግዛት ተነጋገርን። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ይሠራል፣ በዓመት ተኩል ገንዘቡን ይመልሳል ተባለ። እኔ ባለሙያው፣ ሰው መካሪው፣ ማታ ጋቢዬን ለብሼ ካርታዬን ዘረጋሁ። «ሰባት ሰይፍ» ወጣ። አንድ ሰው አምስት ሰይፍ ታቅፎ በጣቱ ይሄዳል፣ ወደ ኋላ እየተገላመጠ። ሆዴን ባር ባር አለው። «ይሄ እኔን አይመለከትም» አልኩና መልሼ በወዝኩ። ሁለተኛው አልተመቸኝም፤ ሦስተኛውም። በአራተኛው «ፀሐይ» መጣልኝ፤ ሕፃን ልጅ ነጭ ፈረስ ላይ እየሳቀ። እፎይ ብዬ ተኛሁ። በነጋታው ፈረምኩ። አራት ወር ሳይሞላው ሞተሩ ወረደ።

ካርታው ስለ ሞተር የሚያውቀው ነገር የለም። «ሰባት ሰይፍ»ም አላስጠነቀቀኝም፣ «ፀሐይ»ም አልዋሸችኝም። እኔ ግን መኪናውን መካኒክ አላሳየሁም ነበር። አማቼን ቅር እንዳላሰኝ ብዬ ነው ያላሳየሁት። ያን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የመጀመሪያውን ካርታ ሳይ ሆዴ የነገረኝ ያንኑ ነው። የዚያ ሌሊት ትልቁ ንባብ እንግዲህ የትኛውም ካርታ ላይ አልነበረም፤ እጄ ላይ ነበር። አራት ጊዜ የበወዘ እጅ ምን ሊሸሽ ፈለገ ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ገንዘቤ ይተርፍ ነበር። ስለዚህ ደግመሽ ለማውጣት እጅሽ ሲዘረጋ አቁሚውና እሱን ጻፊ። «መልሼ ላወጣ ፈለግሁ፤ ምክንያቱም...» ብለሽ ጀምሪ። ከዚያ የሚከተለው ከካርታው ይልቅ ይጠቅምሻል።

ከቀጠልሽ እኔ የማደርገውን ልንገርሽ።

ሦስቱን ተዪው። አንድ ካርታ ይበቃል። በየሌሊቱም አይሁን፤ በሳምንት አንዴ ቢበዛ ሁለቴ። ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ፣ በዚያ ብርድ፣ ሰውነት ደክሞ ሳለ የተሰማ ነገር ሁሉ ሟርት ይመስላል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቡና ጠጥተሽ ብታደርጊው ያው ካርታ ሌላ መልክ አለው። ሻማ የሚያስፈልግሽ መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። ዕጣንም ለቡናሽ ይሁን። ካርታው ተገልብጦ ቢወጣ አቅኚው፤ የተገለበጠው በብወዛ ነው። ተገልብጦ ሲወጣ ሌላ ትርጉም አለው የሚሉ አሉ። ላንቺ ግን ተጨማሪ ፍርሃት እንጂ ተጨማሪ ሐሳብ አያመጣልሽም።

ከሁሉ በላይ ጥያቄው ላይ ጊዜ ስጪ። አሁን የምትጠይቂው «ዝውውሩ ይሳካል ወይ?» የሚል ይመስለኛል። ይህን የሚመልሰው የመሥሪያ ቤትሽ የሰው ኃይል ክፍል ነው። «እናቴ ምን ትሆን ይሆን?» የሚለውን የሚመልሱት እናትሽ ናቸው፤ ማዶ ክፍል ተቀምጠዋል፣ ሄደሽ ጠይቂ። ስለ ሰው ልብ በካርታ አይጠየቅም። «ያ ልጅ ይወደኛል?» የሚለው ጥያቄ ስንቱን ሲያንከራትት አይቻለሁ። ካርታ ፊት የሚቀርበው ባለቤቱ አንቺ የሆንሽው ጥያቄ ነው። ለምሳሌ፦ «ደብዳቤው ነገ ቢመጣ በመጀመሪያው ሰዓት ምን ይሰማኛል?» «እናቴን ምክንያት ባላደርግ ኖሮ ምን እወስን ነበር?» ሁለተኛው ይቆረቁራል፤ አውቃለሁ። ለዚያ ነው የጻፍኩልሽ።

ካወጣሽ በኋላ ስልክሽን አርቂና ሁለት ደቂቃ ዝም ብለሽ ሥዕሉን እዪ። ከዚያ ደብተርሽ ላይ የሚታየውን ብቻ ጻፊ። ማን አለ? ወዴት ያያል? እጁ ምን ይዟል? ዝናብ ነው ብራ? ቀልድ ይመስላል፤ ግን ሰው በዚህ ጊዜ ነው ያላየውን ሰው ወይም ያላየውን በር የሚያገኘው። ቀጥለሽ በዚህ ሳምንት ከገጠመሽ ነገር ምኑን እንደሚመስል ጻፊ፤ 15 ደቂቃ፣ ፊደል ሳትመርጪ፣ ሳትሰርዢ። ስለ ከበዳቸው ነገር ለተወሰኑ ቀናት በቀን 15 ደቂቃ ያህል መጻፍ ለብዙዎች ጥቂት እፎይታ እንደሚሰጥ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከጄምስ ፔንቤከር ሥራ ተነስተው የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። እሱ ታሮት አልተጠቀመም፤ እርሳስና ወረቀት ብቻ። እንዲያውም እውነቱን ልንገርሽ፣ የሚሠራው ደብተሩ ነው። ካርታው የጽሑፉን በር ያንኳኳል፣ በቃ። መጨረሻ ላይ፣ ከፈለግሽ፣ መጽሐፉን ግለጪ። የማይመስልሽን ዝለዪው። ቀን ጽፈሽበት ዝጊ። ከወር በኋላ መልሰሽ አንብቢው፤ ያኔ ስለ ካርታው የጻፍሽው ይረሳል፣ ስለ ራስሽ የጻፍሽው ይቀራል።

መቼ ይተው? ይህን በግልጽ እነግርሻለሁ። ሳታወጪ ከቤት መውጣት ካቃተሽ ተዪው። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ስለ አንድ ጉዳይ የምትዘረጊ ከሆነ ተዪው። ያ ማሰብ አይደለም፤ ማመንዠክ ነው። በግ እንኳ ካመነዠከ በኋላ ይውጣል፤ ጭንቀት የያዘው ሰው ግን አይውጥም፣ ያንኑ ያመላልሳል። ስለ ሕመም ከሆነ ሐኪም ቤት ሂጂ። እንቅልፍ እየራቀሽ፣ ምግብ እየዘጋሽ፣ ወይም መኖር እያስጠላሽ ከሆነ ካርታውን ዝጊና ዛሬውኑ ለምታምኚው ሰው ንገሪ፣ ሆስፒታል ሄደሽም ባለሙያ አነጋግሪ። ባለፉት ዓመታት በሰሜን ሸዋ መንገዱ ነገ ይከፈት ይዘጋ ሳናውቅ ያደርንባቸው ሌሊቶች ነበሩ። እንዲህ ያለ ጊዜ ሰውን ምልክት ፈላጊ ያደርገዋል። አንቺ ብቻ አይደለሽም። ስኒ የሚያስነብበው፣ ጠጠር የሚያስጥለው ሰው የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለ እናትሽ። ግማሹን ልክ ናቸው። «ይሳካል ወይ?» ብለሽ ስትጠይቂና ሞት ወጣ ብለሽ ስትንቀጠቀጪ፣ ያደረግሽው እሳቸው ያሉትን ነው፤ ነገን ከካርታ መጠየቅ። ዘዳግም 18 ላይ የተጻፈውን ይዘው ነው የተቆጡት፤ ከዚህ በላይ ምን እንዲሉሽ ትጠብቂያለሽ? ሞራ ገላጭ ሲታማ እየሰሙ ያደጉ እናት ናቸው። «መጫወቻ ነበር፣ በ1440...» እያልሽ አትሟገቺያቸው፤ የሥዕል ታሪክ እናት አያስታርቅም። ደብተርሽን አሳዪያቸው። የጻፍሽውን ይስሙ። ምን ስትሠሪ እንዳመሸሽ የሚገባቸው ያኔ ነው። በሃይማኖቱ በኩል ዳኛ አይደለሁም። ሕሊናሽን ከኮሰኮሰሽ ለንስሐ አባትሽ እንዳለ ንገሪ፣ ሳትቀንሺ። ሕሊና እየቆረቆረ የሚደረግ ነገር ለማሰላሰል አይሆንም፤ ግማሹ ሐሳብሽ በር በሩን ሲያይ ነው የሚያመሸው።

ካርታውን ከተውሽው ደግሞ ጉዳት የለውም። ሌላ መንገድ አለ፤ እኔ እንዲያውም ለብዙ ሰው የምሰጠው ይህን ነው። ወረቀት ቆራርጪና ከእናትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ 40 ተረትና ምሳሌ ጻፉ። እሳቸው ይናገሩ፣ አንቺ ጻፊ፤ ኩርፊያውም እዚያው ሳይበርድ አይቀርም። ኮፍያ ውስጥ ጨምሪና አንዱን አውጪ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ሊወጣ ይችላል። «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል»ም ሊወጣ ይችላል። አንዱ ቆዪ ይላል፣ አንዱ ጊዜሽ ነው ይላል። የቱ እንደወጣ ግድ የለሽም። ሲወጣ የተከፋሽበትን ወይም ደስ ያለሽበትን ጻፊ። ከካርታው ጋር አንድ ሥራ ነው የሚሠራው፤ ያውም ትርጉሙን ከማንም መጽሐፍ አትጠይቂም።

አንድ ነገር ግን ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አንብቤ አላገኘሁትም። ስለ ካርታው ቀኑን፣ ሌሊቱን፣ ስንት እንደወጣ ሁሉ ቆጥረሽ ጽፈሻል። የዝውውር ማመልከቻው የሚዘጋው መቼ እንደሆነ ግን አልጻፍሽልኝም። ቅጹን ወስደሻል?